ለስምንት ቀን ሕፃንም ማደንዘዣ ይገባዋል

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ወንዶች ልጆች ግርዛት ያወጣችኋቸውን ሁለት ጽሑፎች ደጋግሜ አነበብኳቸው። አንደኛው ጸሐፊ ግርዛት የሕፃኑን መብት ይጥሳል፣ በሕግ ይከልከል ይላሉ። ሁለተኛው ጉዳዩ የሃይማኖትና የአባቶች ሥርዓት ነው፣ ማንም እጁን አያስገባብን ይላሉ። ሁለቱም ብዙ ያነበቡ ሰዎች መሆናቸው ያስታውቃል። ሕፃኑ ሲቆረጥ ስለሚሰማው ሕመም ግን አንዳቸውም አንድ መስመር አልጻፉም። ይህ ነው ብዕር ያስነሣኝ።

እኔ ነርስ ነኝ። በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎች ረጅም ዓመት ሠርቼ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ማዋለዱንም፣ ክትባቱንም፣ ቁስል ማጠቡንም ሠርቼበታለሁ። የቄስ ልጅም ነኝ። ወንድሞቼ በስምንተኛ ቀናቸው ተገርዘው በአርባ ቀናቸው ክርስትና ተነሥተዋል። ወንዶች ልጆቼም ተገርዘዋል። ግርዛት ይጥፋ ብዬ የተነሣሁ ሰው እንዳልመስላችሁ ነው ይህን የምለው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የስምንት ቀን ሕፃንም ቢሆን፣ ማንም ወንድ ልጅ ያለ ማደንዘዣ አይገረዝ።

ይከልከል ያሉት ጸሐፊ ጀርመንን ምሳሌ አድርገዋል። ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው አልነገሩንም። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በግንቦት 2012 የኮሎኝ ፍርድ ቤት ያለ ሕክምና ምክንያት ሕፃንን መግረዝ የአካል ጉዳት ማድረስ ነው ብሎ መወሰኑ እውነት ነው። ጉዳዩ የመጣው አንድ የአራት ዓመት ሙስሊም ልጅ ከተገረዘ በኋላ ደም ስለፈሰሰው ነው። የገረዘው ሐኪም ግን በነፃ ተሰናብቷል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የጀርመን ፓርላማ አዲስ ሕግ አወጣ። ሕጉ በሕክምና ሙያ ደንብ መሠረት እስከተሠራ ድረስ ወላጆች ወንድ ልጃቸውን ማስገረዝ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። አይስላንድም በ2018 ድርጊቱን በእስራት የሚያስቀጣ ረቂቅ ቀርቦላት ነበር፤ አልጸደቀም።

ለእኛ የሚጠቅመን የስዊድን መንገድ ይመስለኛል። ልጄ እዚያ ስለምትኖር ነገሩን ከቅርብ ነው ያየሁት። በ2001 የወጣው ሕጋቸው ግርዛትን አይከለክልም። ነገር ግን የሕመም ማስታገሻ ግዴታ ነው፤ የሚሰጠውም ፈቃድ ያለው ሐኪም ወይም ነርስ ነው። ልጁ ሁለት ወር ካለፈው የሚገርዘው ሐኪም ብቻ ነው። ከሁለት ወር በታች ከሆነ ሐኪም ያልሆነ ሰውም ሊገርዝ ይችላል፤ እሱም ልዩ ፈቃድ ካለው ነው። ልጁ ነፍስ ያወቀ ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃዱ አይነካም። የልጅ ልጄ ሲገረዝ ልጄ ቪዲዮ ደውላ አሳየችኝ። ሕፃኑ ማደንዘዣውን ሲወጋ አለቀሰ፣ ከዚያ ግን ዝም ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ነበር። አማቿ አጠገቧ ቆመው "ይሄ ልጅ ተገረዘ ወይስ አልተገረዘም?" ይላሉ። እኔ እዚህ ሆኜ እንባዬ መጣ። በሥራ ዘመኔ እጄ ላይ ያለቀሱት ሕፃናት ናቸው ትዝ ያሉኝ።

በአገራችን ከአሥር ወንዶች ዘጠኙ ያህል የተገረዙ ናቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይገረዛል። እንዲህ ባለ አገር ከልካይ ሕግ ቢወጣ ድርጊቱን አያስቀረውም። ከጤና ጣቢያ አስወጥቶ ወደ ጓዳ ያስገባዋል እንጂ። ስለዚህ እኔን የሚያስጨንቀኝ ነገ ጠዋት የሚገረዘው ልጅ ነው። ማን ይገርዘዋል? በምን? አደንዝዞ ነው ወይስ አሥይዞ?

"ሕፃን ምን ያውቃል፤ ነገ ይረሳዋል" ሲባል ስሰማ ነው የኖርኩት። አያቶች ቢሉት አልፈርድባቸውም፣ ማን አስተማራቸው? የሚያሳዝነኝ ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለሙያ ሲለው ነው። በእርግጥ እምነቱ የእኛ ብቻ አልነበረም። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ በአሜሪካና በእንግሊዝ ትልልቅ ሆስፒታሎች ሳይቀር አዲስ የተወለዱ ሕፃናት በቂ የሕመም ማስታገሻ ሳይሰጣቸው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። ነርቫቸው ገና ስላልበሰለ አያማቸውም ይባል ነበር። በ1987 አናንድና ሂኪ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች እስከዚያ የነበረውን ማስረጃ ሰብስበው አሳተሙ። ሕመም የሚያስተላልፈው የነርቭ መንገድ ሕፃኑ ሲወለድ ሥራውን እንደሚሠራ አሳዩ። ሲያመው የልብ ምቱ ይፈጥናል፣ የደም ግፊቱ ይጨምራል፣ የጭንቀት ሆርሞኖች በደሙ ይበዛሉ።

አሥር ዓመት ቆይቶ በ1997 ቶሮንቶ ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ወጣ። ተመራማሪዎቹ ወንዶች ሕፃናት በአራተኛ ወይም በስድስተኛ ወራቸው ክትባት ሲወጉ አዩአቸው። የተገረዙት ካልተገረዙት ይልቅ ሕመሙ በርትቶባቸው ነበር። ከተገረዙት መካከል ደግሞ ቀድሞ የማደንዘዣ ቅባት የተቀቡት ካልተቀቡት ቀሎላቸዋል። ነገ ይረሳዋል ለምንል ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሕፃኑ ቢያንስ ለወራት አልረሳውም ማለት ነውና።

ሌላም የሚያሳስተን ነገር አለ። ሕፃኑ ሲቆረጥ ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ፊቱ ይጠቁራል። ከዚያ ድንገት ጭልጥ ብሎ ይተኛል። "አየሽ፣ ተኛ እኮ፤ ምንም አልሆነም" ይባላል። ደክሞ ነው የተኛው። ያንን እንቅልፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጡት ሲሰጠው አይጠባም፣ ሲነኩት ይደነግጣል።

ሁለቱም ጸሐፊዎች ያላነሡት አንድ የአገራችን ጉዳይ አለ፤ የጋምቤላ። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉ ሦስት ትልልቅ ጥናቶች የተገረዘ ወንድ ከሴት በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ 60 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ግርዛት የመከላከያው አንድ አካል እንዲሆን መከረ። ኮንዶምን ይተካል ግን አላለም። ኢትዮጵያም ከተመረጡት አገሮች ውስጥ ገባች። ሥራው ያተኮረው ባህሉ ግርዛት ያልነበረ ብዙ ሰው በሚኖርበት በጋምቤላ ነው። አሠራሩ የታወቀ ነው። ጎረምሳው መጀመሪያ ምክር ይሰጠዋል። ፈቃዱን ይጠየቃል። በማደንዘዣ ይገረዛል። ቁስሉ እንዲታይለት የሚመለስበት ቀን ይነገረዋል።

ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ባለሙያዎቹን አመሰግናለሁ። ግን እስቲ አስቡት። በአንድ አገር፣ በአንድ የጤና ሥርዓት ውስጥ የሃያ ዓመቱ ወጣት ይደነዝዛል። የስምንት ቀኑ ሕፃን ደግሞ እጅና እግሩ ተይዞ ይቆረጣል። ወጣቱ ቢያመው "አመመኝ፣ ተው" ማለት ይችላል። ሕፃኑ ማልቀስ ብቻ ነው የሚችለው፤ ልቅሶውንም ልማድ አድርገነዋል።

ይህ ደግሞ የገጠር ችግር ብቻ አይደለም። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ አንድ የግል ክሊኒክ ወንድ ልጁን አስገርዟል። የክሊኒኩን ስም አልጠራም። ገንዘቡን ከፍሏል፣ ካርድ አውጥቷል። "ማደንዘዣ ትሰጡታላችሁ?" ብሎ ሲጠይቅ "ለዚህ ዕድሜ አያስፈልገውም፣ ቶሎ ነው የምንጨርሰው" አሉት። እናትየዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጆሮዋን ይዛ ነበር። ደውሎ ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ገንዘብ ያለው፣ የተማረ፣ መጠየቅ የቻለ አባት እንዲህ ከተባለ ሌላውማ ምን ይባል?

ማደንዘዣው ደግሞ ብርቅ መድኃኒት አይደለም። ሊዶካይን ነው። ቁስል ስንሰፋ በየጤና ጣቢያው የምንጠቀምበት ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው አድሬናሊን (የደም ሥር የሚያጠብ መድኃኒት) የሌለበት ነው። ሕፃኑ ይመዘናል፣ መጠኑ በኪሎው ይሰላል፤ በኪሎ ከ3 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። በግምት አይሰጥም፣ ለሕፃን ትርፍ ሊዶካይን አደገኛ ነውና። የሠለጠነ ሰው በቀጭን መርፌ ብልቱ ሥር ይወጋዋል። ከዚያ መጠበቅ አለ። ብዙ ባለሙያ ማደንዘዣውን ወግቶ ወዲያው መቀሱን ያነሣል። እንዲህ ከሆነ መርፌው ሌላ ሕመም ከመጨመር በቀር ምን ሠራ? አምስት ደቂቃ መታገሥ ያቅተናል? ጡት ማጥባቱም፣ ማቀፉም ሕፃኑን ያረጋጋዋል። ለምላጭ ሕመም ግን ብቻውን አይበቃም።

ቤት ውስጥ በገራዥ እጅ የሚደረገው የባሰ ነው። ቡና ይፈላል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ሕፃኑ ጭን ላይ ይደረጋል፣ ምላጭ ይወጣል። ገራዦቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ከአባታቸው የተማሩ፣ በመንደሩ የተከበሩ ናቸው። ግን ምላጩ ትናንት ለጎረቤት ልጅ ያገለገለ ሊሆን ይችላል። ቁስሉ ላይ ቅቤ ወይም የቡና ዱቄት ያደርጉበታል። በዚህ መንገድ መንጋጋ ቆልፍም፣ የጉበት ቫይረስም ይገባል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደም ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ደም የሚያረጋለት ቫይታሚን ኬ በሰውነቱ ውስጥ በጣም ትንሽ ነው። ጤና ተቋም የተወለደ ልጅ እንደተወለደ መርፌውን ይወጋል። ቤት የተወለደው አያገኘውም። ይህንኑ መርፌ ያላገኘ ልጅ በስምንተኛ ቀኑ ምላጭ ላይ እናቀርበዋለን። ሌሊት በቃሬዛ የመጡ ሕፃናት ተቀብያለሁ፤ የታቀፉበት ነጠላ በደም ርሶ፣ ከንፈራቸው ነጥቶ። እናቲቱ "ትንሽ ነው የፈሰሰው" ትላለች። ሦስት ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ግን ትንሽ የሚባል ደም የለም። በጠቅላላው ያለው ከአንድ የውሃ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። ወደ ሆስፒታል ልከናቸው የዳኑ አሉ። ያልደረሱም አሉ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የሽንት መውጫው ቦታ ነው። አንዳንድ ወንድ ልጅ ሲወለድ የሽንት ቀዳዳው ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሥር በኩል ይሆናል። ይህ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ሐኪሙ ለማስተካከያ ብዙ ጊዜ የሚጠቀምበት ቆዳ ደግሞ ያው ሸለፈቱ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ፈጽሞ መገረዝ የለበትም፤ መጀመሪያ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ይየው። አንድ አባት እንዲህ ያለ ልጁን በቤት አስገርዞ ካበቃ በኋላ ይዞት መጣ። "ቆዳው ቢኖር ኖሮ ይቀል ነበር" ተባለ። ያ አባት አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ አልረሳውም። ማንም ቀድሞ አልነገረውም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

እጅ አይግባብን ያሉት ጸሐፊ የሃይማኖቱን ነገር ከባድ አድርገው አስቀምጠውታል። አከብራለሁ። የጌታ ግዝረት ጥር 6 ቀን ከንዑሳን በዓላት አንዱ ሆኖ ሲከበር አድጌአለሁ። ነገር ግን ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ለኢየሱሳውያን (ለካቶሊክ) ሚሲዮናውያን ክስ መልስ ሲሰጡ በሃይማኖት መግለጫቸው ምን እንዳሉ እናስታውስ። እኛ የምንገረዘው እንደ አይሁድ ሕግ አይደለም፣ እንደ አገር ልማድ ነው አሉ። በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣ፣ በህንድ ጆሮ እንደሚበሳ አድርገው አስረዱ። የጳውሎስንም ቃል ጠቀሱ። አባቴም ለሚጠይቃቸው ሰው እንዲሁ ይሉ ነበር፤ የሚያድነን ጥምቀቱ ነው ይሉ ነበር። እንዲህ ከሆነ የታመመ፣ ኪሎው ያነሰ፣ ቢጫ የሆነ ሕፃን ስምንተኛው ቀን አለፈብኝ ተብሎ የሚቸኮልበት ምክንያት ምንድን ነው? በሙስሊም ወገኖቻችንም ዘንድ ሁሉን የሚያስገድድ አንድ ቀን የለም። ትእዛዙን አጥብቀው የያዙት አይሁድ እንኳ ሕፃኑ ከታመመ እስኪድን ያቆዩታል። ሁለት ወንድሞቹ ተገርዘው የሞቱበት ሦስተኛ ልጅ እንዳይገረዝ ታልሙድ በሚባለው የሕግ መጽሐፋቸው ላይ ተጽፏል። ደም የማይረጋላቸው ቤተሰቦች መኖራቸውን ያን ዘመን ያውቁ ነበር። በየትኛውም ሃይማኖት ሕፃኑ የግድ ይታመም የሚል ትእዛዝ አላገኘሁም።

"የሴቶቹን ከልክለን የወንዶቹን ለምን ተውን?" ለሚለው የመጀመሪያው ጸሐፊ ጥያቄም መልስ አለኝ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን የሴት ልጅ ግርዛትን በአንቀጽ 565 ወንጀል አድርጎታል። ትክክል አድርጓል። የሴቷ ግርዛት አንድም የጤና ጥቅም የለውም። ስሜቷን ይወስዳል፣ ምጧን ያከብዳል፣ ዕድሜ ልክ ያሠቃያል። በማደንዘዣ፣ በሐኪም እጅ ቢደረግም ያው ወንጀል ነው። የወንዱ ከዚህ ይለያል። ስለዚህ ለሴቷ "በጭራሽ" እያልኩ ለወንዱ "በጥንቃቄ" ማለቴ አይጋጭም። ከሴቶቹ ትግል የምወስደው ግን አለ። ያኔም "ልማዳችን ነው፣ ሁላችንም አልፈንበታል" ነበር የሚባለው። ሁላችንም አልፈንበታል ማለት አላመመንም ማለት አይደለም።

ልጁ አድጎ ራሱ ይወስን የሚሉ ወላጆችም አሉ፤ በከተማ እየበዙ ነው። የተቆረጠ አይመለስም የሚለው ሐሳባቸው ከባድ ሐሳብ ነው፣ አላጣጥለውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2012 ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል ሲል እንኳ ሁሉም ሕፃን ይገረዝ አላለም፤ ለወላጅ ነው የተወው። ስለዚህ ልጄን አላስገርዝም ያለችን እናት ዘመድ ተሰብስቦ አያስጨንቃት። ትምህርት ቤት ውስጥ ያልተገረዘን ልጅ በስድብ የሚያሳድዱትም ይታረሙ። መምህራን ይህን እየሰሙ ዝም ማለታቸው ትክክል አይደለም።

ጤና ሚኒስቴር የሚያነበኝ ከሆነ የምጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አራስ ስትጠይቅ "ወንድ ነው? መቼ ልታስገርዙት አሰባችሁ?" ትበል። ቫይታሚን ኬ መወጋቱን ትይ። የሽንት ቀዳዳውን ትመልከት። በእናት ወገን ደም የማይቆምለት ወንድ ዘመድ እንዳለ ትጠይቅ። ጤና ጣቢያው የግርዛት ቀን ወስኖ ያስታውቅ፤ እናቶች ለ45 ቀን ክትባት እንደሚመጡ ለዚህም ይመጣሉ። የሚገርዘው ነርስ ወይም ጤና መኮንን ማደንዘዣውን በተግባር ይሠልጥን። ያለ ማደንዘዣ ሕፃን የገረዘ የግል ክሊኒክ ፈቃዱ ይጠየቅበት። የመንደር ገራዦቹም ይጠሩ፣ ይነገራቸው፤ ቤተሰቡን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያመጡት እነሱ ቢሆኑ ሕዝቡ ይሰማቸዋል። በምላጩ ይገኝ የነበረውን ክብር በዚህም ያገኙታል።

አባቶችም ጠይቁ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት "ልጄን ትመዝኑታላችሁ? ምን ማደንዘዣ ነው? ከወጋችሁት በኋላ ስንት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ? ሌሊት ደም ቢፈስሰው ለማን ልደውል?" በሉ። መልስ ካጣችሁ ልጃችሁን ታቅፋችሁ ውጡ።

ጋዜጣችሁን ደግሞ አንድ ልለምን። የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ባለሙያና የማደንዘዣ ባለሙያ ጋብዛችሁ ለወላጆች ጥያቄ መልስ የሚሰጡበት ገጽ አዘጋጁ። ከደብረ ብርሃን ጥያቄ የሚልኩ እናቶችን እኔ ራሴ አሰባስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ጡረተኛ ነርስ
ደብረ ብርሃን